የታናሿ ማብሪያ ታሪክ
(ከራዲዮ ክበብ አባሎች የቀረበ)

ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዜና፣ የጦር ሜዳ ውሎና የታላላቅ ከተሞች አመሠራረት ነው። ይሁን እንጂ በየዕለቱ በእጃችን የምንነካቸው ታናናሽ ዕቃዎችም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ አንዳንዱም ታሪክ ከሰው ሕይወት ጋራ በቀጥታ የተሳሰረ ነው። እኛ የትምህርት ቤታችን የራዲዮ ክበብ አባሎች በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ለመጻፍ የመረጥነው ከእነዚህ ታናናሽ ዕቃዎች ስለ አንዲቱ፣ ይኸውም ስለ ኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። በተለይም የራዲዮ አማተሮች በሚሠሩበት መሣሪያ ላይ ያለችውን ማብሪያ እናነሣለን። የራዲዮ አማተር ማለት ለገንዘብ ሳይሆን ለዕውቀት ፍቅር ሲል፣ ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ስም ተቀብሎ፣ በራሱ ማሰራጫና መቀበያ ከሩቅ አገር ሰው ጋራ የሚነጋገር ሰው ነው።

ምናልባት አንባቢው፦ «ማብሪያ ምን ታሪክ አላት? ሲጫኗት ታበራለች፤ መልሰው ሲጫኗት ታጠፋለች፤ ከዚህ በላይ ምን ይባላል?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ማብሪያ በአንድ ቀን አልተፈጠረችም። ዛሬ እንደምናምናት እስክትታመን ድረስ ብዙ ሰዎች ደክመውባታል። ዛሬም ቢሆን አሠራሯን ሳያውቅ የሚተማመንባትን ሰው ታታልላለች። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ጣታችንን ማብሪያዋ ላይ ከማሳረፋችን በፊት ምን እንደ ሆነች ማወቅ ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

የማብሪያ አመጣጥ ከባትሪ ጋራ ይጀምራል። ኢጣሊያዊው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ለዓለም ባስታወቀ ጊዜ ማብሪያ የሚባል ዕቃ አልነበረም። ኮረንቲው እንዲሄድ የፈለገ ሰው ሁለቱን የሽቦ ጫፎች በእጁ ያገናኝ ነበር፤ እንዲቆም ሲፈልግም ያለያያቸው ነበር። ማብሪያ ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ሁለት የብረት ጫፎች ሲነካኩ መንገዱ ይከፈታል፣ ሲለያዩም ይዘጋል። ሳሙኤል ሞርስ በ1844 ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር የቴሌግራፍ ቃል በላከ ጊዜ በጣቱ ይመታው የነበረው ቁልፍም ማብሪያ ከመሆን በቀር ሌላ አልነበረም። እያንዳንዱ ፊደል የጫፎቹ መገናኘትና መለያየት ነበረ።

ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ አንድ ችግር ታይቷል። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ በ1832 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጠው፣ በረጅም ሽቦ ውስጥ የሚሄድ ኮረንቲ በድንገት ሲቋረጥ በሚለያዩት ጫፎች መካከል ብርቱ የእሳት ብልጭታ ይታያል። ይህም የሆነበት ምክንያት ኮረንቲ በተለይ በተጠመጠመ ሽቦ ውስጥ አንድ ጊዜ ጉዞ ከጀመረ በኋላ በቀላሉ መቆምን የማይወድ በመሆኑ ነው። ቁልቁለት የሚወርድ ጋሪ በአንድ አፍታ እንደማይቆም ሁሉ፣ እርሱም መንገዱ ሲዘጋበት በአየር ላይ ዘሎ ለመሻገር ይታገላል። አየሩ ይግላል፤ የጋለውም አየር ራሱ እንደ ሽቦ ሆኖ ኮረንቲውን ያሳልፋል። ያ ቅስት የመሰለ እሳት ሙቀቱ በሺህ በሚቆጠሩ ዲግሪዎች ስለሚለካ የጫፎቹን ብረት ያቀልጣል፣ ያጠቁራል፣ በመጨረሻም እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። የማብሪያ ታሪክ ከዚህች እሳት ጋራ የተደረገ ትግል ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ትግሉ የጠነከረው ኤሌክትሪክ ወደ ከተማ ቤቶች በገባ ጊዜ ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1882 መስከረም ወር በኒው ዮርክ ከተማ በፐርል ጎዳና ያቆመው ጣቢያ በ110 ቮልት ገደማ ቀጥታ ኮረንቲ ማከፋፈል ጀመረ። ቀጥታ ኮረንቲ ማለት እንደ ባትሪ ኮረንቲ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው። በዚያን ዘመን የነበሩት ማብሪያዎች እንደ ቢላዋ በእጅ የሚሳቡ ወይም እንደ ቧንቧ መክፈቻ የሚዞሩ ነበሩ። ጫፎቹ የሚለያዩት በሰውዬው እጅ ፍጥነት ልክ ስለ ነበረ፣ እጁ የዘገየ እንደ ሆነ እሳቷም ትረዝማለች፤ እሳቷ የረዘመች እንደ ሆነም ማብሪያው ዕድሜው ያጥራል፣ ቤቱም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ለዚህ መልስ የሰጠው ጆን ሄንሪ ሆምዝ የተባለ የእንግሊዝ አገር መሐንዲስ ነው። ሆምዝ በ1884 በኒውካስል ከተማ በሞላ የሚሠራ ማብሪያ ፈጠረ። የሐሳቡ ጥበብ እንዲህ ነው። የሰው እጅ ጫፎቹን በቀጥታ አያንቀሳቅስም፤ እጁ የሚወጥረው ሞላውን ነው። ሞላው በቂ ሆኖ ሲወጠር በራሱ ጉልበት ይፈነጠርና ጫፎቹን በቅጽበት ያለያያቸዋል። እንግዲህ ሰውዬው ቢፈጥንም ቢዘገይም፣ ሕፃንም ቢሆን ሽማግሌ፣ የመለያየቱ ፍጥነት አንድ ነው። ዛሬ በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለችውን ማብሪያ ስንጫን የምንሰማት «ቀጭ» የምትል ድምፅ የዚያ የሆምዝ ሐሳብ ድምፅ ናት። በእኛ አስተያየት ይህ ፈጠራ ከብዙ ታላላቅ ፈጠራዎች የሚያንስ አይደለም። የማሽኑ ደኅንነት በተጠቃሚው ጥንቃቄ ላይ ብቻ እንዳይመሠረት አድርጓልና ነው።

ከዚህ በኋላ ተለዋዋጭ ኮረንቲ በዓለም ላይ ተስፋፋ። ተለዋዋጭ ኮረንቲ አቅጣጫውን ያለማቋረጥ ይለውጣል። እንደ አገራችን ባለ 50 ዑደት መስመር ላይ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። በዚያች ዜሮ ቅጽበት በማብሪያው ጫፎች መካከል ያለችው እሳት ምግቧ ይቋረጥባትና ትጠፋለች። ቀጥታ ኮረንቲ ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። በዚህ ምክንያት አንዲት ማብሪያ ለተለዋዋጭ ኮረንቲ በ250 ቮልት ብዙ አምፔር ትችላለች ተብሎ ቢጻፍባት፣ ለቀጥታ ኮረንቲ በዚያው ቮልት የምትችለው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢው በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

አሁን ወደ ራዲዮ እንሻገር። ጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርዝ በ1887 እና በ1888 ባደረጋቸው ምርመራዎች የራዲዮ ሞገድ በእርግጥ መኖሩን አስመሰከረ። ጉልዬልሞ ማርኮኒ ደግሞ በታኅሣሥ 1901 ከእንግሊዝ አገር ከፖልዱ የተላከ ምልክት በኒውፋውንድላንድ ሆኖ መቀበሉን አስታወቀ። የዚያ ዘመን ማሰራጫዎች በእሳት ብልጭታ የሚሠሩ ነበሩ። የሚያስደንቀውም ነገር፣ በማብሪያ ላይ ጠላት የነበረችው ብልጭታ በማሰራጫው ውስጥ ዋና አገልጋይ መሆኗ ነው። ሆኖም ኦፕሬተሩ የሚመታው ቁልፍ የማሰራጫውን ከባድ ኮረንቲ በየፊደሉ መክፈትና መዝጋት ነበረበት። ስለዚህ ቁልፎቹ ወፋፍራም ጫፎች ያሏቸው ነበሩ፤ እነርሱንም ማጽዳትና ማስተካከል የኦፕሬተሩ የዘወትር ሥራ ነበረ።

መሣሪያን በሥርዓት መያዝ ምን ያህል ነገር እንደሚወስን ዓለም በሚያዝያ 1912 ተረዳ። ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ከመስጠሟ በፊት ባሉት ቀናት ማሰራጫዋ ተበላሽቶ ነበር። ጃክ ፊሊፕስና ሃሮልድ ብራይድ የተባሉት ሁለቱ ኦፕሬተሮች ለብዙ ሰዓት ደክመው የተቃጠለውን ሽቦ አግኝተው ጠገኑት። መርከቢቱ ከበረዶ ተራራ ጋራ በተጋጨች ጊዜ የጭንቀት ጥሪ ያስተላለፈው ያ የተጠገነ መሣሪያ ነበር። ካርፓቲያ የተባለችው መርከብ ጥሪውን ሰምታ ደርሳ ከ700 በላይ ሰዎችን አዳነች። ከ1,500 ያላነሱት ግን ጠፉ፤ ፊሊፕስም ከጠፉት አንዱ ነበር። ማሰራጫው ሳይጠገን ቀርቶ ቢሆን ኖሮ የዳኑትስ ምን ይሆኑ ነበር ብሎ መጠየቅ አይከብድም።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው የራዲዮ ሕግ አማተሮች ፈቃድ እንዲያወጡ፣ ከ200 ሜትር በማይበልጥ የሞገድ ርዝመትና ከ1 ኪሎ ዋት በማይበልጥ ኀይል ብቻ እንዲሠሩ ተወሰነ። ያን ጊዜ ከ200 ሜትር በታች ያለው ሞገድ ለሩቅ መንገድ አይረባም ተብሎ የተናቀ ነበር። አማተሮች ግን ተስፋ አልቆረጡም። በ1914 ሂራም ፐርሲ ማክሲምና ክላረንስ ቱስካ የአሜሪካን የራዲዮ አማተሮች ማኅበር መሠረቱ። ይህ ማክሲም መትረየስን የፈለሰፈው የሂራም ስቲቨንስ ማክሲም ልጅ ነው። አባቱ መትረየሱን የፈለሰፈበትና ሆምዝ ባለሞላዋን ማብሪያ የፈጠረበት ዓመት አንድ፣ ይኸውም 1884 መሆኑ ለታሪክ ተማሪ የሚያስገርም አጋጣሚ ነው። አንዱ ሰውን ለሞት፣ ሁለተኛው ሰውን ከሞት!

አማተሮች በተናቀው ሞገድ ያደረጉት ሥራ ዓለምን አስደነቀ። በታኅሣሥ 1921 ፖል ጎድሊ የተባለው አሜሪካዊ አማተር ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ በአርድሮሳን የባሕር ዳርቻ ድንኳን ተከለ፤ በዚያም ሆኖ ከአገሩ አማተሮች የተላከውን ምልክት ተቀበለ። በኅዳር 1923 ደግሞ በፈረንሳይ አገር በኒስ ከተማ የሚኖረው ሌዮን ደሎይ ከአሜሪካ አማተሮች ከፍሬድ ሽኔልና ከጆን ራይናርትዝ ጋራ አትላንቲክን ተሻግሮ በ100 ሜትር ገደማ ሞገድ ፊት ለፊት እንደ ተቀመጠ ሰው ተነጋገረ።

ይህ ሁሉ የተቻለው ቫልቭ በሚባለው የብርጭቆ አምፑል አማካይነት ነው። ሊ ደ ፎረስት ሦስት ክፍል ያለውን ቫልቭ ካወጣ ከ1906 በኋላ የራዲዮ መሣሪያ ጠባዩ ተለወጠ። በመጀመሪያ ቫልቮች በባትሪ ይሠሩ ስለ ነበረ የማብሪያዋ ሥራ ቀላል ነበር። በኋላ ግን መሣሪያዎች ከከተማው መስመር ጋራ እንዲገናኙ ሆነ። ማብሪያዋም በብዙዎቹ መቀበያዎች ላይ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ቁልፍ ጀርባ ተለጠፈች። ሰውዬው ቁልፉን ሲያዞር በመጀመሪያ «ቀጭ» ይልና መሣሪያው ይከፈታል፤ ቀጥሎ ድምፁ ከፍ እያለ ይሄዳል። ይህ አሠራር ለገዢው ምቹ፣ ለፋብሪካውም ርካሽ ነበር። ለማብሪያዋ ግን መልካም አልነበረም፤ በጠባብ ቦታ የገባች፣ ሞላዋ ቀጭን፣ ጫፎቿም ጥቃቅን ነበሩና።

በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ተጨመረባት። ቀዝቃዛ የቫልቭ ክር ከጋለ ክር ይልቅ ኮረንቲን በብዙ እጥፍ ያሳልፋል። የተንግስተን ክር ለምሳሌ ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው ሲግል ከሚኖረው ወደ አንድ ዐሥረኛ ይደርሳል። እንግዲህ መሣሪያው በተከፈተባት የመጀመሪያዋ ቅጽበት የሚገባው ኮረንቲ ከዘወትሩ እጅግ የበለጠ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ኮረንቲን የሚያጠራቅሙት ኮንደንሰሮችም እንደ ደረቀ ጋን ናቸው። ባዶ ሳሉ ውኃ ሲፈስባቸው ያለ ወሰን ይጠጣሉ። በጥንቱ መሣሪያ ተለዋዋጩን ወደ ቀጥታ ኮረንቲ የሚለውጠው ራሱ ቫልቭ ስለ ነበረና እርሱም እስኪግል ሰከንዶች ስለሚወስድበት፣ ኮንደንሰሮቹ ቀስ ብለው ይሞሉ ነበር። በኋላ ግን በቫልቩ ቦታ የሲሊኮን ዳዮድ ሲገባ መቆየት ቀረ፤ ጋኖቹ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይጠጡ ጀመር። ዳዮዱ ከቫልቩ የበለጠ ዕድሜ ያለው መልካም ዕቃ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም የእርሱ መልካምነት ሸክሙን ወደ ታናሿ ማብሪያ አስተላለፈው። አንዱን ክፍል ማሻሻል ሌላውን ክፍል እንደሚያስጨንቅ ከዚህ እንማራለን።

ይህን ነገር በዓይናችንም አይተነዋል። በክበባችን ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ መካከል የተገኘ አንድ የቫልቭ መቀበያ አለ። አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን እንቢ ይላል። ከመካከላችን ግማሾቹ ቫልቩ ነው፣ ግማሾቹ ትራንስፎርመሩ ነው እያሉ ሲከራከሩ መምህራችን፦ «ከበሩ ጀምራችሁ ፈትሹ» አሉን። እርሳቸው በተገኙበት መሣሪያውን ከሶኬቱ ነቅለን፣ ኮንደንሰሮቹ መራገፋቸውን በመለኪያ ካረጋገጥን በኋላ የማብሪያዋን ተቃውሞ በኦም መለኪያ ለካን። ዜሮ አጠገብ መሆን የሚገባው ቁጥር ማብሪያዋ በተቀጨች ቁጥር ይለዋወጥ ነበር። ፈትተን ስናያት አንደኛው ጫፍ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ሌላው ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ሞላዋም ደክሟል። ቫልቮቹና ትራንስፎርመሩ ምንም አልሆኑም። ያን ያህል የተከበረ መሣሪያ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ዕቃ ተይዞ ነበር ማለት ነው።

የማብሪያ መታመን ግን የሚለካው በመክፈቷ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚለካው በመዝጋቷ ነው። አልከፍት ያለች ማብሪያ ሥራ ታስፈታለች፤ ያልዘጋች ማብሪያ ግን ሰው ትገድላለች። በአማተሮች ታሪክ ውስጥ ስለ ከፍተኛ ቮልት ሲነሣ የሚታወስ አንድ ሰው አለ። ሮስ ኸል በአውስትራሊያ ተወልዶ በአሜሪካ አማተሮች ማኅበር መጽሔት ውስጥ ይሠራ ነበር። እጅግ አጭር የሆኑት ሞገዶች በአየር ጠባይ ምክንያት ከአድማስ ባሻገር እንደሚሄዱ በመመርመር ስሙ የታወቀ አዋቂ ነበር። በ1938 መስከረም ወር በቤቱ ውስጥ የቴሌቪዥን መቀበያ ሲሞክር ከፍተኛ ቮልት ነክቶት ሞተ። ጀማሪ አልነበረም፤ ለሌሎች መምህር ነበረ። አደጋ ዐዋቂና ጀማሪ እንደማይለይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ በአማተሮች ዘንድ ጥቂት ሕጎች ጸንተው ኖረዋል። የመጀመሪያው፣ ዋናዋ ማብሪያ በግልጽ ቦታ እንድትሆንና የቤተሰቡ ሰው ሁሉ እንዲያውቃት ነው። ልጃቸው ወይም ወንድማቸው አደጋ ቢያገኘው ቀድመው የሚዘጉት ምን እንደ ሆነ እናትና እኅት ሊያውቁ ይገባቸዋል። ሁለተኛው፣ ማብሪያ ተዘጋ ማለት መሣሪያው ሞተ ማለት አለመሆኑን ማስታወስ ነው። ኮንደንሰሮቹ የጠጡትን ኮረንቲ ይዘው ይቆያሉና። ለዚህም ኮረንቲውን ቀስ በቀስ የሚያራግፍ ተቃዋሚ በመሣሪያው ውስጥ ይገጠማል፤ አዋቂ ሰው ግን በእርሱ ብቻ ሳይተማመን ቮልቱን በመለኪያ ያረጋግጣል። ሦስተኛው፣ ማብሪያዋ ሁለቱንም ሽቦዎች የምትቆርጥ እንድትሆን ነው። በአገራችን የተለመደው ሁለት እግር ያለው ሶኬት ተገልብጦም ሊሰካ ይችላል። አንድ ሽቦ ብቻ የምትቆርጥ ማብሪያ ያለችበት መሣሪያ ተገልብጦ ከተሰካ፣ ማብሪያዋ ብትዘጋም 220 ቮልቱ በሌላው ሽቦ ገብቶ በመሣሪያው ውስጥ ይጠብቃል። መብራቱ ጠፍቷል ብሎ እጁን የሰደደ ሰው ወዮለት!

ስለ ጫፎቹ ብረትም ጥቂት እንበል። መዳብ ኮረንቲን በደንብ ያሳልፋል፤ ነገር ግን በአየር ላይ ሲቆይ የሚለብሰው ዝገት ኮረንቲን ይከለክላል። ብር ከመዳብ ይሻላል፤ ሲጠቁርም እንኳ መጠነኛ ኮረንቲ ካገኘ ጥቁረቱን ሰብሮ ያልፋል። ወርቅ ከቶ አይዝግም፤ ሆኖም ለስላሳ ስለ ሆነ ለጥቃቅን ኮረንቲ እንጂ ለከባድ እሳት አይሆንም። ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ያልተጠበቀ ነው። ማብሪያ ከሥራ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከሥራ ማጣትም ትበላሻለች። ለከባድ ኮረንቲ የተሠራች ባለብር ማብሪያ እጅግ ጥቂት ኮረንቲ ባለበት ቦታ ብትገባ ጥቁረቷን የሚያጸዳላት አታገኝም። እንዲሁም ለዓመታት ያልተነካ መሣሪያ ማብሪያው ብዙ ጊዜ አይታመንም። ለእያንዳንዱ ሥራ የሚገባውን ዕቃ መምረጥ ይሻላል ማለት ነው እንጂ ትልቅ ሁሉ መልካም ማለት አይደለም።

ቀደም ብለን አንባቢው እንዲይዝልን የለመንነው ነገር አሁን ይመጣል። ብዙ የዛሬ አማተሮች የሚሠሩት በ13.8 ቮልት ቀጥታ ኮረንቲ ወይም በመኪና ባትሪ ነው። 100 ዋት የሚያሰራጭ መሣሪያ በሚናገርበት ጊዜ 20 አምፔር ገደማ ይወስዳል። የማብሪያዋ ጫፎች በመቆሸሻቸው 0.05 ኦም ብቻ ተቃውሞ አበጁ እንበል። በኦም ሕግ መሠረት 20 ሲባዛ በ0.05 አንድ ቮልት ይሆናል፤ ይህም ከባትሪው ላይ ይቀነሳል። ሙቀቱ ደግሞ 20 ሲባዛ በ20፣ ሲባዛ በ0.05፣ 20 ዋት ይሆናል። ይህ ሙቀት በዚያች ታናሽ ዕቃ ውስጥ ሲታመቅ ያቀልጣታል። ያንኑ ኀይል በ220 ቮልት መስመር ብንወስድ ግን ኮረንቲው 1.25 አምፔር ገደማ ስለሚሆን፣ በዚያችው 0.05 ኦም ላይ የሚገኘው ሙቀት ከ0.1 ዋት በታች ነው። ስለዚህ በግድግዳ ላይ ለዓመታት በሰላም የምትኖር ማብሪያ በባትሪ ላይ በጥቂት ቀን ልትቃጠል ትችላለች። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ ያለ ቦታዋ ያስገባት ሰው ነው።

ትራንዚስተር በ1947 በቤል ቤተ ሙከራዎች ከተፈለሰፈ በኋላ በጊዜ ብዛት የማብሪያዋ ጠባይ ተለወጠ። በዛሬዎቹ መሣሪያዎች ፊት ላይ ያለችው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ኮረንቲውን ራሷ አትቆርጥም። ለውስጡ ኤሌክትሮኒክ አንጎል «ክፈት» ወይም «ዝጋ» ብላ ትእዛዝ ብቻ ታስተላልፋለች፤ ትእዛዙን የሚፈጽመው በውስጥ ያለ ትራንዚስተር ወይም ሪሌ ነው። በዚህ ዘዴ ቁልፊቱ እሳት ስለማታይ ዕድሜዋ ይረዝማል። ሆኖም መሣሪያው ትእዛዝ ለመስማት ሁልጊዜ ጥቂት ኮረንቲ እየጠጣ ነቅቶ መኖር አለበት። ተዘጋ የምንለው መሣሪያ ተኝቷል እንጂ አልተዘጋም። በዓለም ላይ ያሉት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ሲደመሩ የሚያባክኑት ኀይል ቀላል ባለመሆኑ የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ድርጅት በ1999 የተኛ መሣሪያ ከ1 ዋት በላይ እንዳይወስድ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ባትሪ ለሚጠቀም አማተር ጉዳዩ ከዚህም የቀረበ ነው። ተዘግቷል ብሎ የተወው መሣሪያ ባትሪውን ቀስ በቀስ ጠጥቶ በችግር ቀን ባዶ ሊያደርግበት ይችላል።

ስለ ችግር ቀን ካነሣን፣ በመስከረም 1985 በሜክሲኮ ከተማ በደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ የስልክ መገናኛው በተቋረጠ ጊዜ አማተሮች የብዙ ቤተሰቦችን ወሬ ወደ ውጭ አገር አስተላልፈዋል። እንዲህ ባለው ቀን መሣሪያው በመጀመሪያው «ቀጭ» መነሣት አለበት። መለዋወጫ ፍለጋ ገበያ የሚወጣበት ጊዜ የለም።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድልድል «ኢ.ቲ.» ከሚሉት ሁለት ፊደሎች የሚጀምሩት የጥሪ ስሞች ለኢትዮጵያ የተሰጡ ናቸው። በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ የተቋቋመው የክበብ ጣቢያ «ኢ.ቲ. 3 ኤ.ኤ.» በሚል የጥሪ ስም ከሩቅ አገሮች ጋራ ሲነጋገር ተሰምቷል። መብራት ሄዶ በሚመጣበት አገር ለምንኖር ለእኛ ደግሞ የማብሪያ ነገር ይበልጥ ያሳስበናል። መብራት በጠፋ ጊዜ ማብሪያውን ሳይዘጋ የተወ ሰው፣ መብራቱ ሲመለስ መሣሪያው ማንም በሌለበት ይነሣበታል። በዚያችም ቅጽበት ቮልቱ ሊዋዥቅ፣ ደረቆቹ ጋኖችም ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊጠጡ ይችላሉ። መብራት ሲሄድ ማብሪያን መዝጋት፣ ረዘም ላለ ጊዜ ከሆነም ከሶኬቱ መንቀል ገንዘብ የማያስወጣ ጥበብ ነው።

አሮጌ መሣሪያ ላላቸው ወዳጆቻችን ደግሞ ይህን እንመክራለን። ከድምፅ መቆጣጠሪያ ጀርባ ያለችው ማብሪያ ከተበላሸች ምትኳን በገበያ ማግኘት ብርቅ ነው። ስለዚህ ጨርሳ ሳትደክም ሸክሟን ማቅለል ይሻላል። ከውጭ ሁለቱንም ሽቦ የምትቆርጥ ጠንካራ ማብሪያ ከተገቢ ፊውዝ ጋራ በዕውቀት ባለው ሰው እጅ አስገጥሞ፣ አሮጌይቱን ሁልጊዜ ክፍት አድርጎ ማሳረፍ ይቻላል። የመጀመሪያውን የኮረንቲ ጎርፍ የሚገታ፣ ሲሞቅ መንገድ የሚለቅ ተቃዋሚ መጨመርም ለማብሪያውም ለቫልቮቹም ዕድሜ ይሰጣል።

እኛም ይህን ታሪክ ስናጠና አንድ ነገር ተገንዝበናል። ከሆምዝ ሞላ እስከ ዛሬው ትራንዚስተር ድረስ መሐንዲሶች ሲደክሙ የኖሩት ለአንድ ቃል ነው፤ ይኸውም ማብሪያዋ «ክፍት» ስትል ክፍት፣ «ዝግ» ስትል ዝግ እንድትሆን ነው። ቃሏ እውነት የሆነ ማብሪያ ሰውን ታድናለች፤ ቃሏ የሐሰት የሆነ ግን ሮስ ኸልን የመሰለ ዐዋቂ በገደለው ቮልት ፊት ሌላውን ሰው ባዶ እጁን ታቆመዋለች። በሚቀጥሉት ዓመታት በዚህ ትምህርት ቤት የራዲዮ ክበብ የምትገቡ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ መሣሪያ ሲቀርብላችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ ማብሪያዋን መርምሩ። ስንት ቮልትና ስንት አምፔር እንደምትችል፣ ለየትኛው ኮረንቲ እንደ ተሠራች፣ አንድ ሽቦ ወይም ሁለት እንደምትቆርጥ አንብቡ። ከዘጋችኋት በኋላም ሶኬቱን ንቀሉ፤ ቮልቱን ለኩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ እጃችሁን ስደዱ።